ስለ ዶኪንግ ስቴሽንና ስለ ገመዱ

በአሜሪካ አገር ከቤቱ ሆኖ ሊሠራ ለተቀጠረ ሰው፥ ብዙ ጊዜ የሥራው መጀመሪያ ቀን ሳይደርስ፥ አሠሪው የላከለት ካርቶን ከደጁ ይቀመጥለታል። በውስጡ ስላለው ላፕቶፕ ብዙ መናገር አያሻም፤ የድርጅቱ ንብረት ስለ ሆነና ድርጅቱም ከሩቅ ሊቆጣጠረው ስለሚችል፥ የልጆች ጨዋታና የግል ምሥጢር አይግባበት። ሄድሴቱንም ማንም ያውቀዋል። እኔ ላመሰግነው የምሻው ግን፥ ብዙዎች ትርፍ ዕቃ መስሏቸው ከቁም ሣጥን የሚጥሉትን ዶኪንግ ስቴሽን ነው።

መሣሪያው የትናንት ፍጥረት አይደለም፤ አፕል በ1992 እ.ኤ.አ. ፓወርቡክ ዱዎ የተባለውን ላፕቶፕ ለገበያ ሲያቀርብ፥ ላፕቶፑ እንደ ቪዲዮ ካሴት ተገፍቶ የሚገባበትን ማኅደር አብሮ አቅርቦለት ነበር። የዛሬው ደግሞ ሞኒተሩን፥ ኪቦርዱን፥ ማውሱን፥ የኢንተርኔቱን መስመርና የኤሌክትሪኩን ኃይል ሁሉ አስተባብሮ በአንዲት የዩኤስቢ ሲ ገመድ ለላፕቶፑ ያደርስለታልና፥ ማለዳ አንዲት ጫፍ ሰክቶ ሥራ መጀመር፥ ማታም ነቅሎ መነሣት የዚህ ትሑት ሣጥን ጸጋ ነው።

ነገር ግን ብዙዎች ጫፉ አንድ ከሆነ ገመዱ ሁሉ አንድ ነው ብለው ያምናሉ፤ ይህም ፍጹም ስሕተት ነው። ከስልክ ጋር የሚመጣው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ ከ480 ሜጋቢት በላይ የማያሳልፍ፥ ለምስል የሚያስፈልጉትም ፈጣን ሽቦዎች በውስጡ ያልተዘረጉለት ነው፤ ከዶኩ ጋር የሚላከው ግን እነዚያ ሽቦዎች አሉት፤ ከ60 ዋት በላይ እንዲሸከም የተሠራ ከሆነም ዐቅሙን ለመሣሪያዎቹ የምትመሰክር ትንሽ ቺፕ በውስጡ ተቀብራለች፤ ይህች ምስክር ከሌለች፥ ዶኩ የቱንም ያህል ኃይል ቢኖረው ከ60 ዋት አልፎ አይሰጥም። ስለዚህ በባዕድ ገመድ የተያያዘ ዶክ ኪቦርዱንና ማውሱን እያሠራ፥ ባትሪውንም በዝግታ እየሞላ፥ ሞኒተሩን ብቻ በጨለማ ያስቀረዋል፤ ከፊሉ ሲሠራ የሚያይ ሰውም ጥፋቱ የገመዱ መሆኑን አይጠረጥርም።

በቨርጂኒያ፥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ፥ ከቤቷ ሆና በስልክ ደንበኞችን የምታስተናግድ አንዲት ወጣት «ጋሼ፥ የላኩልኝ ዕቃ ተበላሽቷል፤ ልመልሰው ነው» ብላኝ ሄጄ ባይ፥ የዶኩ ገመድ እንደ ታሰረ ከካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል፤ እርሷ ረዘም ያለውን የስልኳን ገመድ መርጣ ኖሯል። ገመዱን ብንለውጠው ሁለቱም ሞኒተሮች ወዲያው በሩ።

እንግዲህ ካርቶኑን የምትከፍቱ ወገኖቼ፥ ገመዱን ከማሰሪያው እንደ ፈታችሁ የማን እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ ስልክ ለሚሞላ እንግዳም አታውሱት፤ ሥራውን በለቀቃችሁ ጊዜ አሠሪው ዶኩን ከነገመዱ ይጠይቃችኋልና፥ ካርቶኑንም አትጣሉት።