‹‹ምነው ከሳህ?›› በሚባልበት ሀገር ኪሎ መቀነስ

ዛሬ ስለ ኪሎ መቀነስ እናወራለን። ግን ከጂም አንጀምርም፣ ከዋግ ኽምራ ነው የምንጀምረው፤ ከሰቆጣ፣ ከኒሯቅ።

‹‹ዶክተር፣ ዋግ እኮ የድርቅ ሀገር ነው፤ እዚያ ምን ውፍረት አለ?›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። የ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ቃል ሲገባም ስሙን ‹‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን›› ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጦርነት መጣ፣ መፈናቀል መጣ፣ ድርቁም ተመለሰ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚበላው ላጣ ሰው ‹‹ቀንስ›› አይልም። እንደዚያ ማለት ነውር ነው።

የምጽፈው ከዚያ ተነስቶ ሰቆጣ ከተማ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቢሮ ለገባው፣ ሱቅ ለከፈተው፣ መሪ ለጨበጠው ሰው ነው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ለዘለለበት፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ‹‹ስኳርህ ወጣ ብሏል፣ ግፊትህም እንደዚያው፣ ኪሎ ቀንስ›› ተብሎ ግራ ለገባው።

ግራ ቢገባውም አይፈረድበትም። ሀገር ቤት ሲሄድ እናቱ ፊቱን አገላብጣ አይታ ‹‹እሰይ፣ ተመችቶሃል!›› ትለዋለች። አምስት ኪሎ ቀንሶ የሄደ ጊዜ ግን ‹‹ምነው ልጄ፣ ከሳህብኝ? አሞህ ነው እንዴ?›› ትላለች። ረሃብን ያየ ቤት ክሳት አይወድም። በዚያ ላይ ‹‹ከሳ›› የሚለው ቃል በእኛ ሀገር ለስንት ዓመት የቲቢና የኤችአይቪ ሌላ ስሙ ሆኖ ኖሯል! ስለዚህ የምትቀንሱ ከሆነ ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። ‹‹ሐኪም አዞኝ ነው›› የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭንቀት ታድናለች፤ ‹‹በሞቴ አንድ ጊዜ›› ሲባልም ታገለግላለች።

እዚህ ላይ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ኔዘርላንድስ ውስጥ በጦርነት ምክንያት ከባድ ረሃብ ነበር። ያኔ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ልጆች አድገው ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ረሃቡ ካልነካቸው እኩዮቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በማህፀን ውስጥ ምግብ ያጠረው አካል በጥቂቱ ለመኖር ይዘጋጃል፤ በኋላ ምግብ ሲትረፈረፍ ይቸገራል። እንግዲህ በ1977 አካባቢ ዋግ ውስጥ የተወለደ ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት አካባቢ ነው፤ ከተማ የገባም አለ። ለዚህ ሰው ‹‹ድሮ ተርቤያለሁ፣ አሁን ልካስ›› የሚለው ሐሳብ ልብን ቢነካም አደጋ አለው።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን 22 በመቶው ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱም በአንድ ሀገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ማለት ነው።

ታዲያ ከተማ ሲገባ ምን ተለወጠ? ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ድካሙ ነው፣ የእንጀራው መጠን እንዳለ ይቀራል። ያንን ተራራ ወጥቶ የሚወርድ፣ የሚያርስ፣ ፍየል የሚከተል ሰው የሚበላውን ያህል እየበላን በባጃጅ እንሄዳለን። ከዚያ ዘይቱ፣ ስኳሩና ቢራው ይጨመራል።

ስለ ዘይት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁ ሚስጥር እሱ ጋ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። የኑግም ይሁን፣ የሱፍም ይሁን፣ የሚረጋውም ይሁን፣ በካሎሪ አንድ ናቸው። 120 ካሎሪ ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ይጠይቃል። አሁን ወጥ ስትሠሩ ከጀሪካኑ የምታንቆረቁሩትን አስቡት። ‹‹ጾም ላይ ሆኜ እንኳ አልቀነስኩም!›› የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሽሮው በዘይት፣ ጎመኑ በዘይት፣ መክሰሱ ሳምቡሳ ከሆነ ከየት ይቀንሳል? ዘይትን በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ። የምለው ይኸው ብቻ ነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በትንሽ ውኃ አቁላሉት፤ ጣዕሙ አይሞትም።

ቀጥሎ ሻይ። በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር ከጠጣችሁ 12 ማንኪያ ሆነ፣ ወደ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። በአንድ ቀን አትቁረጡት፣ ታኮርፋላችሁ! ለሁለት ሳምንት ወደ ሁለት ማንኪያ፣ ቀጥሎ ወደ አንድ። ምላስ ይለምዳል።

ማርስ? የዋግ ልጆች፣ አሁን ትቆጡኛላችሁ። የሰቆጣ ነጭ ማር ስሙ የገነነ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ማርን ከስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ከ60 በላይ ካሎሪ አለው፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳርም ከፍ ያደርጋል። ‹‹ተፈጥሯዊ ስለሆነ ለስኳር በሽተኛ አይከለከልም›› የሚባለውን አትመኑ። በበዓል ቀን ትንሽ ቅመሱ፣ በየጠዋቱ ዳቦ ላይ አታፍስሱ።

እንጀራን ግን አትጥሉት። ጤፍም ማሽላም ጠላታችን አይደለም። ችግሩ ከአንድ ትሪ አብረን ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አለመታወቁ ነው፣ እንጀራው ባለቀ ቁጥር ይጨመራል። እናንተ ከመቀመጣችሁ በፊት ‹‹ዛሬ አንድ›› ብላችሁ ወስኑ። ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ጎመኑን አብዙት፤ እሱ ነው የሚያጠግበው። ዓሣ ካገኛችሁም መልካም ነው፤ ከተከዜ ግድብ ሐይቅ የሚወጣውን አበርገሌዎች ያውቁታል፣ ብቻ አትጥበሱት፣ ወጥ አድርጉት።

ምን ያህል እንቀንስ? ብዙ ሰው 20 ኪሎ አስቦ ይጀምርና በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል። አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ በተጋለጡ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ግቡ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በሽታው የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ ቀነሰ። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብትቀንሱ በቂ ነው፤ አንዳንድ ሳምንት ምንም አይቀንስም፣ ያም ያጋጥማል።

ሚዛን በየቀኑ አትውጡ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። መንገድ ዳር ልጆቹ ጋ የምትመዘኑ ከሆነም ሁልጊዜ ያው ሚዛን ላይ፣ ጫማና ጃኬት አውልቃችሁ። የወገብ ሜትርም ያዙ፤ ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በቴሌግራም የሚሸጠው ‹‹የማቅጠኛ ሻይ›› ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጥ ነገር ነው። የሚያወጣው ውኃ ነው፣ ስቡ እዚያው ይቀራል። ብራችሁን ለጎመን።

የሚከተሉት ሰዎች ግን ይህን ጽሑፍ አይተው በራሳቸው እንዳይጀምሩ፦ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ልጆች። ሳታስቡት፣ ሳትሞክሩ ኪሎ እየቀነሰ ከሆነም ደስ አይበላችሁ፤ ስኳር፣ ቲቢ፣ እንቅርት ሊሆን ይችላልና ተመርመሩ።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ምግብ ስትቀንሱ መድኃኒቱም መስተካከል አለበት፣ አለዚያ ስኳራችሁ ከልክ በታች ይወርዳል። በተለይ ፍልሰታን ጾማችሁ ለሻደይ ሀገር ቤት ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። መንገድ ላይ ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይናችሁ ከጨለመ ወዲያው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ጠጡ። በዚያች ሰዓት ማሩም ይፈቀዳል።