እልህ የሌለበት ጨረታ፦ ያገለገለ የፊልም ካሜራ ከኢንተርኔት ሲገዙ

የቤተሰብዎን የድሮ አልበም አውጥተው ይገላልጡት። ከወላጆችዎ የሠርግ ወይም የምረቃ ፎቶዎች መካከል አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካገኙ ጠጋ ብለው ይመልከቱት። የነጠላው ጥለት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ ደግሞ ለስለስ ብሎ ደብዝዟል። እንዲህ ያለው ፎቶ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ሁለት ሌንስ ከላይና ከታች በተደረደሩበት፣ ፎቶ አንሺው ደረቱ ላይ ይዞ ከላይ ወደ ታች እያየ በሚያነሳበት ካሜራ ነው።

ቀን ቀን የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የፊልም ካሜራ የቅዳሜና እሁድ ሱሴ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ «እንዲህ ያለ ካሜራ ከየት ይገኛል?» ብለው ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። መልሱ አጭር ነው፦ አብዛኞቹ መመረት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ትልቁ ገበያቸው እንደ ኢቤይ ያለ የኢንተርኔት ጨረታ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ጨረታው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባለ ወንድም፣ እህት ወይም አክስት በኩል ነው። ገንዘብዎን የሚያስበላዎት ወይም የሚያድንልዎት ግን ሁሉም የሚያወራለት የጨረታው የመጨረሻ ደቂቃ አይደለም። ከጨረታው በፊት ያለው ሳምንትና ዕቃው ከደረሰ በኋላ ያለው አንድ ወር ነው።

ትልቁ ፊልም

ሚዲየም ፎርማት የሚባሉት ካሜራዎች የሚጠቀሙት 120 የተባለውን ፊልም ነው። ኮዳክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን እስከ ዛሬ ይመረታል። የተለመደው ትንሹ ፊልም ላይ አንድ ፎቶ የሚይዘው ቦታ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። 6 በ6 በሚባለው ካሬ ላይ ግን 56 በ56 ይደርሳል፤ በስፋት ሲሰላ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። የፊት ቆዳ፣ የሹሩባ መስመርና የጥልፍ ክር የሚያምሩት ለዚህ ነው።

ዋጋው ደግሞ ይኸው፦ በአንድ ጥቅል 12 ፎቶ ብቻ። ለልጅዎ የመጀመሪያ ልደት ሁለት ጥቅል ይዘው ቢገቡ 24 ጊዜ ብቻ ነው የሚጫኑት። ይህ የሚያናድድዎት ከሆነ ገንዘብዎን ለተሻለ ስልክ ያውሉት፤ ቅር የሚለው ሰው የለም።

የትኛውን?

ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠሩልኝ ስም ሃሰልብላድ ነው። የስዊድን ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ፎቶ ያነሱበትም የዚሁ ኩባንያ ካሜራ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ምን ያህል እንደሚሸጥ በሙያዬ አውቃለሁ፤ ችግሩ የታሪኩን ሒሳብ የሚከፍሉት እርስዎ መሆንዎ ነው። ከዚያም በላይ አካሉ፣ ሌንሱና የፊልም ማኅደሩ ለየብቻ የሚነቀሉ ስለሆኑ ከተለያዩ ካሜራዎች የተለቃቀመ ዕቃ እንደ አንድ ሆኖ ሊቀርብልዎ ይችላል። ልብዎ ከዚህ ውጭ እምቢ ካለ በማኅደሩ ሽፋንና በውስጡ መያዣ ላይ ያሉት የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ይጠይቁ። የተሠራበትን ዓመት ከመለያ ቁጥሩ በፊት ያሉት ሁለት ፊደላት ይነግርዎታል። ቪ፣ ኤች፣ ፒ፣ አይ፣ ሲ፣ ቲ፣ ዩ፣ አር፣ ኢ፣ ኤስ በቅደም ተከተል ከ1 እስከ 9፣ በመጨረሻም 0 ማለት ናቸው። «ዩሲ» ካለ 1975 ነው።

ማሚያ አርቢ67 ድንቅ ፎቶ ያነሳል፤ ነገር ግን ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ስቱዲዮ ውስጥ ይቀመጥ። ሮጦ የማይደክም የአራት ዓመት ልጅ ይዘው እንጦጦ ለሚወጡ ወላጆች አልተሠራም።

ለቤተሰብ የምመክረው ያሺካ ማት 124ጂን ነው። ከ1970 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ የተሠራ፣ ሁለት ሌንስ ያለው፣ ሌንሱ የማይነቀል ካሜራ ነው፤ የማይነቀል ዕቃ ደግሞ ሊቀያየር አይችልም። የጀርመኑ ሮሊፍሌክስ ይበልጠዋል፤ ዋጋውም እንደዚያው። የያሺካው ብርሃን መለኪያ ይሠራበት የነበረው የሜርኩሪ ባትሪ ዛሬ ገበያ ላይ የለም፤ ስለዚህ «መለኪያው ይሠራል» ለሚል ሻጭ ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። ስልክዎ ላይ የሚጫን ነፃ መለኪያ ይበቃዎታል።

ፎቶውን ማንበብ

የጨረታ ገጹን ሲከፍቱ ዓይን አዋጅ ይሆንብዎታል። ተረጋጉ። መጀመሪያ «የተሸጡ» የሚለውን ምርጫ ተጭነው ባለፉት ወራት ተመሳሳይ ካሜራ በስንት እንደሄደ ይመልከቱ። ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ምኞት ነው፤ የተሸጠበት ዋጋ ግን ገበያው ነው።

ቀጥሎ የሻጩን ቃላት ይመርምሩ። «የአያቴ ነበር፣ ስለ ካሜራ አላውቅም፣ አልሞከርኩትም» የሚል ማስታወቂያ ልብ ይነካል። እኔ የማነበው ግን «አይሠራም» ብዬ ነው፤ ዋጋም የምሰጠው እንደማይሠራ ቆጥሬ ነው። ካሜራውን ለመሞከር አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ አያቱን የሚወድ ሰው ያንን አንድ ደቂቃ አያጣም። «በፊልም ተሞክሯል» የሚል ደግሞ ፎቶዎቹን ያሳይ። «እንደ አዲስ» የሚለው ቃል ግን ምንም አይነግርዎትም፤ ማስታወቂያ የምጽፍ ሰው ነኝና እመኑኝ።

ከዚያ ለሻጩ ይጻፉለት። ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ የኋላውን ክፍቶ፣ መዝጊያውን ከፍቶ በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ እያበራ ፎቶ ያንሳልዎ። አቧራ አያሳስብም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካዩ ሻጋታ ነው፤ መስተዋት ላይ እንደተነፈሱበት ያለ ጉም ካዩም ይለፉት። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፦ ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ላይ ፎቶውን የሚያነሳው የታችኛው ነው። የላይኛው ለማየት ብቻ ስለሆነ እሱ ላይ ያለ ጭረት ፎቶዎን አይነካም፤ ዋጋውን ግን ሊቀንስልዎት ይችላል።

ሁለተኛ፣ መዝጊያውን በአንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ ሲጫን ከነድምፁ በቪዲዮ ይቅረጽልዎ። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ መጀመሪያ የሚሸነፈው በቀስታዎቹ ፍጥነቶች ነው፤ ቅባቱ ይደርቃል፣ አንዱ ሰከንድ ሦስት ይሆናል ወይም ጭራሽ ተከፍቶ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ዕቃው ካልሆነ ይመልስ እንደሆነ ይጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ሻጭ መልስ ሰጥቶዎታል።

ዋጋ የሚወጣበት ገበያ

መርካቶ ስንገበያይ ክርክሩ ዋጋ ለማውረድ ነው። ጨረታ ላይ ግን እያንዳንዷ ንግግር ዋጋ ትጨምራለች። ኢቤይ ላይ የሚሰጡት ቁጥር የሚከፍሉት ቁጥር አይደለም፤ ጣሪያዎ ነው። እርስዎ 207 ዶላር ብለው ቢያስገቡና የቅርብ ተፎካካሪዎ ጣሪያ 150 ቢሆን፣ ገጹ በራሱ እየጨመረ ሄዶ 152 ዶላር ከ50 ሳንቲም ላይ ያሸንፍልዎታል። ስለዚህ አምስት አምስት ዶላር እየጨመሩ ሌሊቱን ማደር ትርጉም የለውም። ትርፉ ሌላውን እልህ ውስጥ ማስገባት፣ ራስዎም መግባት ነው።

ልምድ ያላቸው ተጫራቾች የሚጠብቁት የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ አልቪን ሮትና አክስል ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰዓቱ የሚዘጋውን ኢቤይን፣ አማዞን ያኔ ከነበረው ጨረታ ጋር አወዳድረዋል። የአማዞኑ ዘግይቶ ዋጋ የሰጠ ሰው ሲኖር ሰዓቱን ያራዝም ነበር። የመጨረሻው ደቂቃ ግርግር በብዛት የታየው ኢቤይ ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ሌላው ተናድዶ ለመጨመር ጊዜ አያገኝም። እርስዎም ይህንኑ ያድርጉ፦ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ፣ ጣሪያዎን።

ጣሪያው ከየት ይመጣል? ከካሜራው አይደለም፤ ከቤትዎ በጀት ነው። እንበልና ባለቤትዎና እርስዎ ለዚህ ነገር በጠቅላላ 400 ዶላር ፈቅደዋል። ከዚያ ላይ ለጥገና 100፣ ለፊልምና ለማሳጠቢያ 60፣ ለመላኪያ 20 ይቀንሱ። 220 ይቀራል። ወንድምዎ ሜሪላንድ ከሆነ የሚኖረው 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለ፤ 207 ላይ ይቆማሉ። ይህችን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙባት፤ እየቀለድኩ አይደለም። ማርኬቲንግ ስንማር «የአሸናፊ እርግማን» የሚባል ነገር ነበር፦ ብዙ ሰው በሚጫረትበት ዕቃ ላይ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን ከሁሉም አብልጦ የገመተው ሰው ነው። ከተሸነፉ ደግሞ ሌላ ያሺካ ይመጣል።

የ30 ቀኑ ጉዳይ

አሁን የእኛን ሰዎች ብቻ የሚመለከት ነገር ልንገርዎ። ኢቤይ ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ለገዢው ገንዘብ የሚያስመልስ ዋስትና አለው፤ አቤቱታው ግን ዕቃው ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ፓኬቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ከደረሰበት ጀምሮ እንጂ ቦሌ ከደረሰበት ጀምሮ አይደለም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የእናቷን 70ኛ ዓመት ልደት ለማንሳት ብላ ወንድሟ ካሜራ ገዛላት። ዕቃው ኅዳር ላይ ደረሰለት፤ ፓኬቱ ሳይከፈት መንገደኛ ሲጠበቅ ቆየና ለጥምቀት በመጣ ዘመድ እጅ ተላከ። እዚህ ሲከፈት መዝጊያው በአንድ ሰከንድ ላይ ተከፍቶ ይቀራል። ሻጩ «ይሠራል» ብሎ ነበር የጻፈው። ቀኑ አልፏል፤ ጠጋኝ ፍለጋ ስትንከራተት ልደቱም አለፈ፤ እናትየው በስልክ ተነሱ።

ስለዚህ ካሜራውን የሚገዛልዎት ሰው ገዢ ብቻ ሳይሆን ፈታሽም ይሁን። ፓኬቱን በዕለቱ ይክፈት፤ ሲከፍት በቪዲዮ ይቅረጽ። አንድ ሰከንዱን በጆሮው ይስማ። የኋላው መክደኛ ላይ ያለው የፊልም መጫኛ ሳህን ለ12 ፎቶ መዞሩን ይይ፤ 124 የሚለው ስም ራሱ 12 እና 24 ማለት ነው፤ የ24ቱ ፊልም ደግሞ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። ከዚያ አንድ ጥቅል ገዝቶ በአንድ ቅዳሜ ያንሳበት፦ አንዱን አንድ ሜትር ላይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ አንዱን የሩቅ ሕንፃ፣ ሌሎቹን በተለያየ ፍጥነት የገዛ ልጆቹን። ለላብራቶሪ ይላከው፤ ብዙዎቹ አጥበው ስካን አድርገው በኢሜይል ይልካሉ።

መንገደኛው ሲመጣ የግዢ ደረሰኙን ይያዝ፤ ቦሌ ላይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ያልታጠበ ፊልም የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። አዳዲሶቹ የእጅ ሻንጣ መፈተሻ ሲቲ ስካነሮችም ፊልም ያበላሻሉ፤ በእጅ እንዲፈተሽለት በትሕትና ይጠይቅ።

እዚህ ከደረሰ በኋላ ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤትዎ ውስጥ ሊታጠብ ይችላል። ብርሃን የማያስገባ ታንክ፣ ቴርሞሜትር፣ ጥቂት ኬሚካልና ውኃ ነው የሚፈልገው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ጀሪካኑን ከዋዜማው ይሙሉ፤ ኬሚካሉን ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ።

የሙከራው ጥቅል ስካን በቴሌግራም ሲደርስዎ የወንድምዎ ልጆች ስንት አድገው ይሆን ብለው አይቸኩሉ። ወንድምዎ የታጠበውን ፊልም ወደ መስኮት ዘርግቶ በስልኩ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁትና በፎቶና በፎቶ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን አለመግባቱን፣ የጋዜጣው ፊደል መነበቡን ይመልከቱ። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ልጆቹን ይዩ። አንዱ ካልሆነ ወንድምዎ ዛሬውኑ ለሻጩ ይጻፍ፤ ስንት ቀን እንደቀረ አብራችሁ ቁጠሩ።