በበጋ የተመራ ቦታ በክረምት ይፈተናል

በመካነ ብርሃን፣ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ቤት የሚሠራው በበጋ ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ገበሬው ከእርሻ ሥራ ፋታ ያገኛል። ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ ጭቃ ይቦካል፤ ጎረቤት ለደቦ ይጠራል። አዲስ ጎጆ የሚወጡ ወጣቶች ግድግዳቸውን አቁመው ቆርቆሮ ለማልበስ የሚሯሯጡት ሰኔ ሳይገባ ነው። የቤት ቦታ የሚታየው፣ በገመድ የሚለካውና ለባለቤቱ የሚመራውም በዚሁ ወቅት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በየካቲት የታየ ቦታ ሁሉ ደረቅ ነው። ሐምሌ ላይ ሰውም ከብትም የማያሻግር ጅረት በየካቲት ሕፃናት የሚሯሯጡበት አሸዋ ይሆናል። ከገደሉ ሥር ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ለመሠረት ቁፋሮ የተመቸ፣ ለመንገድ የቀረበ፣ ድንጋይና አሸዋ በአጠገቡ የሚገኝበት ስለሆነ ከሁሉም የተሻለ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ያን ሜዳ ደልድሎ የሠራው ውሃው ራሱ ነው። አፈሩን ከላይ አምጥቶ ያነጠፈ ጎርፍ አንድ ቀን ተመልሶ በዚያው ማለፉ አይቀርም።

ከዚህ ቀደም በብዙ የደጋ አካባቢዎች መንደር የሚመሠረተው ጉብታና ወገብ ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው፣ መኖሪያው ከጎኑ፣ እርሻና ግጦሹ ደግሞ ከታች ይሆናል። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የሰው ቁጥር ጨምሯል፤ የእርሻ መሬት ተሸንሽኖ አንሷል፤ መንገድና ገበያ ሰውን ወደ ታች ስበውታል። ለመሬት አልባ ወጣቶች ቦታ ሲፈለግ ዓይን የሚያርፈው ባለይዞታ በሌለበት ወንዝ ዳር ወይም ማንም ባላረሰው ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱ ለምን ባዶ ሆኖ እንደቆየ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ጎርፍ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የለውም፤ ይዞታውን ግን አይረሳም።

የቅርብ ጊዜ ትዝታ

በሰሜን ጎንደር ዞን በጠለምት ወረዳ በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ያስከተለው የመሬት መንሸራተት ቢያንስ የ10 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ቤቶች ፈርሰዋል፤ እንስሳት ሞተዋል፤ በርካታ ነዋሪዎችም ተፈናቅለዋል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ተዳፋቱ ተደርምሶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በጎፋ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ቀበራቸው።

ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የ1998 ዓ.ም. ክረምት በአገሪቱ ሦስት ማዕዘናት ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቶ አልፏል። ሐምሌ 30 ቀን ለሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡም የዘነበው ከከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ስለነበር ብዙዎች ጎርፉ የደረሰባቸው በእንቅልፍ ላይ እያሉ ነው። በነሐሴ ወር በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ ከ360 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ክረምት በክልላችን የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ አጥለቅልቀው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጎዱ።

እነዚህ አደጋዎች በዓይነታቸው ይለያያሉ። የደቻቱ ደራሽ ጎርፍ ነው፤ በደቂቃዎች ይመጣል፤ በሰዓታት ያልፋል። የፎገራው ቀስ ብሎ የሚሞላና ለቀናት የሚተኛ ውሃ ነው። የጠለምትና የጎፋው ውሃ የጠጣ ተዳፋት ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው የሚመጣ ናዳ ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖር ሰው ከደራሽ ጎርፍና ከናዳ መካከል ቆሞ ቦታ መምረጥ ይኖርበታል። ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከሚደርሱት ጫፎች የሚወርደው ውሃ በአጭር ርቀት ወደ ተከዜ ሸለቆ ስለሚምዘገዘግ ከታች ላለው ሰው የሚተርፈው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ትንሽ ነው። በመንደሩ ላይ ፀሐይ እያበራ ከላይ በጣለው ዝናብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

ለሰብል እንጂ ለመኝታ ያልሆነ

ውሃ የሚተኛበት መሬት መጥፎ መሬት ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ራሱ ፎገራ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚያቁረው የፎገራ ዋልካ አፈር ለሌላ ሰብል አስቸጋሪ ሆኖ ሳለ ሩዝ ከገባበት ወዲህ የአገሪቱ ዋና የሩዝ አምራች አካባቢ ሆኗል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚያው ነው። ያው ውሃ ማሳ ላይ ሲተኛ ምርት፣ ቤት ውስጥ ሲገባ ጥፋት ይሆናል።

በጃናሞራ ወይም በዳባት ሩዝ ይዘራ ለማለት አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ወንዝ ዳር ያለ ደለል ለመስኖ አትክልት፣ ለመኖ ሣርና ለችግኝ ጣቢያ የተመቸ ነው። ጎርፍ የአንድ ወቅት ሽንኩርት ቢወስድ ኪሳራው ከባድ ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመት ይተካል። ቤት ሲወስድ ግን ከነጎተራው፣ ከነከብቱ፣ ከነሰነዱ፣ ባስ ሲልም ከነሰው ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለውን መሬት ለእርሻ ትቶ ጉብታውን ለመኖሪያ መስጠት የእርሻ መሬት ማባከን አይሆንም። ጉብታው ብዙ ጊዜ ድንጋያማና ለእርሻ ደካማ ስለሆነ ለውጡ ለሁለቱም ይበጃል።

ሰው ሲዛወር የማይዛወረው ዕውቀት

ነባር ነዋሪ የትኛው ጅረት በየትኛው ዓመት አቅጣጫ እንደቀየረ ያውቃል። አዲስ ሰፋሪ ይህ ዕውቀት የለውም። የግጭ መንደር ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. በዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ከገባ በኋላ መንግሥት ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረውን የግጭ መንደር ማዛወር ነበር። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራና እማወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረው አዲስ ቤት ሠሩ። ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከዝርዝሩ ወጣ።

ከተራራ አናት ወደ ከተማ ጫፍ የወረደ ቤተሰብ የግጭን ሜዳ ቁርና ንፋስ ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ የአዲሱን ቦታ የውሃ መውረጃ የሚያውቀው የቆየው ነዋሪ ነው። ማንኛውም የመልሶ ማስፈር ሥራ ሲታቀድ፣ በድርቅ፣ በናዳ ወይም በልማት ምክንያት ቢሆን፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ወደ ቦታው ይዞ ወጥቶ ማማከር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። ከአንድ ናዳ ያመለጠን ቤተሰብ ሌላ ጎርፍ መንገድ ላይ ማስፈር እርዳታ አይሆንም።

መሬቱ የሚናገረው

በበጋም ቢሆን ውሃው የሄደበትን ምልክት መሬቱ ላይ ትቶ ይሄዳል። በወንዝ ዳር ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጭራሮ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። ማዕዘናቸው የተሞረደ ክብ ድንጋዮች በሜዳ ላይ ተበትነው ከተገኙ ያንከባለላቸው ውሃ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር አሸዋ፣ ደለልና ጠጠር ተደራርቦ ከታየ ቦታው በተለያየ ጊዜ በጎርፍ ተሸፍኖ ነበር። ቄጤማና ፊላ የሚበቅልበት ስፍራ በበጋ ቢደርቅም ውሃው ከሥር ቅርብ ነው። ጅረት ከገደል ወጥቶ ሜዳ የሚነካበት፣ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሰፋ ቦታ ከሁሉም የሚያጠራጥር ነው። ጅረቱ እዚያ ላይ ሲደርስ አቅጣጫውን እንዳሻው ይቀያይራል።

በተዳፋት ላይ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው። ከቤቱ በላይ መሬቱ ረዘም ብሎ ከተሰነጠቀ፣ ዛፎችና አጥሮች ወደ ታች ካዘነበሉ፣ ምንጭ ባልነበረበት ውሃ ከፈለቀ ወይም ጥሩ የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ በርና መስኮት ያለ ምክንያት አልዘጋ ካለ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። በዝናብ ቀን እነዚህን ያየ ቤተሰብ ንብረት ልሰብስብ ሳይል መውጣት ይኖርበታል። ለማዳን የሚሄድ ሰውም ከላይ ያለው ተዳፋት መርጋቱን የሚመለከት ጠባቂ ሳያቆም መቆፈር የለበትም። የጎፋ መራራ ትምህርት ይኸው ነው።

አዲስ መንደር ራሱ ጎርፍ እንደሚፈጥርም መታወቅ አለበት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 1 ሺህ 440 ሊትር ያወርዳል። መቶ ቤት ሲሆን 144 ሺህ ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 7 ሺህ 200 ጀሪካን ነው። ቀድሞ ሣሩና አፈሩ ይጠጣው የነበረ ውሃ አሁን በአንድ ጊዜ ከታች ባለው ጎረቤት ደጅ ይወርዳል። ስለዚህ በጉብታ ላይም ቢሆን ማፋሰሻ ቦይ ሳይቀየስ ቦታ መምራት የላዩን ሰው ችግር ወደ ታችኛው ማሻገር ነው።

ከወረዳው የሚጠበቀው

ሕጉ የተወሰነ መነሻ ይሰጣል። የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ማረሻ የተከለከለበት ተዳፋት ለመኝታ ይበጃል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ተፈጻሚነቱን የወሰነው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነበር። ከዚያ ያነሱ የቀበሌ ማዕከላትና የገጠር መንደሮች ግንባታ በዋናነት ይወሰን የነበረው ቦታውን በሚመራው አካል ጥንቃቄ ነው ማለት ነው። ገመዱን የያዘው ሰው ኃላፊነት በዚያው ልክ ይከብዳል።

ከሁሉ በፊት የሚቻለውና ወጪ የሌለው ነገር የጊዜ ለውጥ ነው። ለመጪው በጋ የታሰበ የቤት ቦታ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ወቅት፣ በእግር ሊታይ ይገባል። በዚያ ጉብኝት የመሬት አስተዳደር ባለሙያው፣ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው፣ የቀበሌው አመራርና ሽማግሌዎች አብረው ሊገኙ፣ ውሃው የደረሰበትም በችካል ሊመለከት ይገባል። ችካሉ ከቆመ በኋላ በየካቲት ማንም ቢመጣ ክርክር አይኖርም። ከችካሉ በታች ያለው በመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ ላይ ለሰብል፣ ለመኖ ወይም ለዛፍ ይመዘገባል። አስቀድሞ በጎርፍ መንገድ ላይ ቦታ የተመራ ሰው ካለም፣ ቤቱን ሳይጨርስ ምትክ ቦታ መስጠት ከአደጋ በኋላ ድንኳንና ስንዴ ከማቅረብ ይረክሳል።

ሁለተኛው የላይኛው ተፋሰስ ሥራ ነው። እርከን፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና የቦረቦር ክትር በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሕዝብ ተሳትፎ ይሠራሉ። መንደር ያለበት ተፋሰስ ቅድሚያ ቢያገኝ፣ ቦዩም ወደ ቤት ሳይሆን ወደተፈጥሮ መውረጃ መውጣቱ ቢረጋገጥ የተፈሰሰው ጉልበት እህልንም ሰውንም ያድናል።

አሁን በዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖሩት ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ የሚደረግ አለ። የቤቱን መሠረት በድንጋይ ከፍ ማድረግ፣ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ከውሃ መጠበቅ፣ ጎተራን ከመሬት ማንሣት፣ የመሬት ደብተርና ሌላ ሰነድን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ማኖር ይቻላል። መንደሩ በእድሩ አማካይነት ከላይኛው ቀበሌ ጋር በስልክ የሚደዋወል ሰው ቢመድብ፣ ከላይ ሲዘንብ ከታች ያለው ቀድሞ ይሰማል። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ጎልማሳን ሊጥል ስለሚችል፣ የተጀመረን ጎርፍ ጥጃ ለማዳን ብሎ መሻገር የብዙ ሰው መጨረሻ ሆኗል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የሚቀጥለው በጋ ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ያለው ክረምት ለወረዳዎች የሥራ ወቅት ነው። ወንዙ በየዓመቱ ድንበሩን ራሱ ያሳያል። ከቀበሌና ከወረዳ የሚጠበቀው በዝናቡ ወጥቶ ማየትና ችካሉን ማቆም ነው።