«በነጻ» ያመጣነው ውሻ

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «ጀርመን ሸፐርድ ድብልቅ፣ ወንድ፣ 2 ዓመት። ባለቤቱ ውጭ ስለሚሄድ በነጻ»። መርሳ ያለው አጎቴ ደግሞ ለወራት «አንተ ልጅ፣ ካዲሳባ አንድ የፈረንጅ ውሻ ፈልግልኝ፤ ማንጎዬን ሌባ ጨረሰው እኮ!» እያለ ሲወተውተኝ ነበር። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ፤ ነጻ የሚባል ነገር እንደሌለ ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ያን ቀን ግን አልተጠቀምኩበትም። «እኔ እወስደዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ውሻው በአይሱዙ መርሳ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው ወጣ፤ አጎቴም ኮራ። ወጪው የመጣው በኋላ ነው። የአበሻ ውሻ በትርፍራፊም ቢሆን ይኖራል፤ ያገኘውን ይለቃቅማል። 35 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ግን በቀን 1500 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ከአንድ አዋቂ ሰው ቀለብ ብዙም አይርቅም። አጎቴ ቤት የተረፈ እንጀራ ያን ያህል የለም። የመርሳ ሙቀትም አለ። ድርብ ጸጉር ያለው ውሻ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ቆርቆሮ ሥር ታስሮ ይውላል። ማታ ይፈታል፤ ሲነጋ ይታሰራል። እኛ አገር ውሻ የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ አጎቴም የሚያውቀውን ነው ያደረገው። ግን ውሻ ከሰው ጋር መኖርን በደንብ የሚማረው ከሦስተኛው እስከ 14ኛው ሳምንቱ ባለው ጊዜ ነው። የኛ ሲመጣ 2 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜው ምን እንዳየ፣ ማን እንደመታው የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ማለዳ የጎረቤት ልጅ ስኳር ሊበደር ተላከ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ውሻው ገና አልታሰረም ነበር። ባቱን ያዘው።

ቤተሰቡ ደንግጦ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ደፋበት። እናንተም ቤት እንዲህ እንደሚደረግ አውቃለሁ። መደረግ ያለበት ግን ቀላል ነው፤ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው ይገድላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በሽታው አለባቸው ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ደግሞ 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ልጁን ይዘው ወልዲያ ሄዱ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ መጀመሪያ የተጠየቁት «ውሻው ተከትቧል?» የሚል ነበር። አጎቴ ደወለልኝ። እኔ ለሰጠን ሰውዬ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው።

ከዚያ አሥር ቀን ጠበቅን። የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን ይታያል፤ በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። በየማለዳው እደውላለሁ።

«በላ?»

«በላ።»

«ውሃስ?»

«ጠጣ ብዬሃለሁ፤ ተወኝ እስቲ!»

ልጁ በዚህ መሀል ለክትባቱ እየተመላለሰ ነበር። ትራንስፖርቱም ሌላውም ከአጎቴ ኪስ ወጣ። ጎረቤቶቹ ሙስሊም ናቸው፤ የልጁ አባት ለሱብሂ ሲወጣ የውሻው ምራቅ ልብሱን ነክቶት ተመልሶ ታጥቦ ልብሱን እንደቀየረ የሰማሁት ያኔ ነው። አጎቴም ሚስቱ ለኪዳን በሌሊት ስትወጣ ውሻውን ይዞ እንደሚቆም ነገረኝ። ማታ የሚለቀቅ ውሻ ሁለቱንም ጸሎተኛ አስቸግሮ ነበር ማለት ነው፤ ለይሉኝታ ብሎ ማንም አልተናገረም እንጂ። የልጁ እናት ግን ያን ሁሉ ትታ አጎቴን «አብሽር፣ ልጁ ይድናል» አለችው። እሱን ያስለቀሰው ይሄ ነው።

በሽማግሌ ተጨረሰ። ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ መከራከሪያ አልነበረውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም። «አላየሁትም» የሚለው አያድንም።

በነገራችን ላይ ጉዳቱ ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። በዞናችን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፤ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጃቸው ከውሾች የተጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። መንደር ውስጥ አንድ ውሻ ማስከተብ እዚያ ድረስ ይደርሳል።

እንግሊዝ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን ግዙፍ ውሻ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላለች። እኛም እንከልክል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሀብሩ ውስጥ የውሻ ዘር ለይቶ የሚመዘግብ ማነው? የኛ ውሻ ዘሩ ሳይሆን አጥሩ ነበር የጎደለው፤ የእሾህ አጥር 35 ኪሎ ውሻ አይመልስም። ጠባቂ የምትፈልጉ ከሆነ እዚያው መንደር ከተወለደ፣ እናቱን ከምታውቋት ቡችላ ጀምሩ። ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ ከዚያም በየዓመቱ።

በአሥረኛው ቀን ውሻው ደህና ነበር። ልጁም አሁን ኳስ ይጫወታል፤ በአጎቴ ደጅ ግን አያልፍም፤ ዞሮ ይሄዳል። አጎቴ ግንብ አጥር ጀምሯል፤ ሲሚንቶው ከአንድ ዓመት ማንጎ ይበልጣል ብሎ አስልቶ ነገረኝ። ሂሳቡን አይቼዋለሁ፤ ልክ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወልዲያ ያለ ጓደኛዬ የሮትዋይለር ፎቶ ላከልኝ። «በነጻ ነው፣ ልውሰደው?» ይላል። የክትባት ደብተር እንዳለው፣ እሱ ለሥራ ሲወጣ ማን እንደሚያበላው፣ አጥሩ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቅኩት። መልእክቴን አንብቦታል። እስካሁን አልመለሰም።