ትርፍና ጉድለት፦ የሽንት ፊኛ ካንሰር ክሮሞዞሞች

ቢልሃርዚያ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የሰማ የሐዋሳ ሰው መጀመሪያ ሐይቁን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ቢልሃርዚያ ተገኝቷል። የተገኘው ግን አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ሺስቶሶማ ማንሶኒ ነው። እንቁላሉን ፊኛ ላይ የሚጥለውና ለካንሰር የሚያጋልጠው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም በአገራችን የሚታወቀው በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ እንዲሁም በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ነው። መንስኤው ሲለያይ ካንሰሩ በክሮሞዞሞች ላይ የሚተወው አሻራም ይለያያል።

ጤነኛ ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ይህ ቁጥር ይዛባል፤ እድገትን የሚያፋጥኑ ጂኖች ያሉበት ክፍል ይበዛል፣ እድገትን የሚገቱት ያሉበት ይጠፋል። በፊኛ ካንሰር ቀድሞ የሚጠቀሰው የ9ኛው ክሮሞዞም ጉድለት ነው። ከግማሽ በሚበልጡ ዕጢዎች ውስጥ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ በከፊል ወይም በሙሉ ጠፍቶ ይገኛል። በአጭሩ ክንድ ላይ የሕዋስ ክፍፍልን የሚገታው ሲዲኬኤን2ኤ፣ በረጅሙ ክንድ ላይ ደግሞ ቲኤስሲ1 የተባሉት ጂኖች አሉ። የሚያስገርመው ጉድለቱ በጣም ቀደም ብሎ መጀመሩ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ጤነኛ በሚመስል የፊኛ ሽፋን ላይ ሳይቀር ታይቷል።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዓይነት ዕጢ ከፊኛው ሽፋን ሳያልፍ ያድጋል፤ ተቆርጦ ቢወጣም እየተመላለሰ ያስቸግራል እንጂ የሚገድለው ከስንት አንዱን ነው። በዚህ ዓይነቱ ላይ ኤፍጂኤፍአር3 የተባለው ጂን ለውጥ አዘውትሮ ሲታይ ክሮሞዞሞቹ ግን ብዙም አልተናጉም። ሁለተኛው ወደ ጡንቻው ዘልቆ ይገባል፤ ክሮሞዞሞቹም የተተራመሱ ናቸው። ቲፒ53 የተባለው ጂን ያለበት የ17ኛው አጭር ክንድ፣ የ8ኛው አጭር ክንድ፣ አርቢ1 ያለበት የ13ኛው ክፍል ይጎድላሉ፤ የ1ኛውና የ8ኛው ረጅም ክንዶች፣ የ5ኛው አጭር ክንድና የ20ኛው ረጅም ክንድ ይተርፋሉ። ወንዶችን ከሴቶች ሦስት አራት እጥፍ በሚያጠቃው በዚህ በሽታ የዋይ ክሮሞዞም መጥፋትም የተለመደ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ዋይ የጠፋባቸው ዕጢዎች ይበልጥ ኃይለኛ ሆነው ሳለ ለበሽታ መከላከያ ሥርዓት ሕክምና ግን የተሻለ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይቷል።

ይህ እውቀት ከወረቀት ወደ ሕክምና የተሻገረበት አንድ ምርመራ አለ። ከሽንት የተገኙ ሕዋሳት ላይ የሚያበሩ ምልክቶች ተደርገው የ3ኛው፣ የ7ኛውና የ17ኛው ክሮሞዞም ትርፍ፣ የ9ኛው አጭር ክንድ ጉድለት ይቆጠራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2001 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል። ዋጋው ውድ ነው፣ በሲስቶስኮፒ ፊኛን በዓይን ማየትንም አይተካም።

ሌላው ሐዋሳን የሚመለከት ነገር ቀለም ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪሽ ሬን በ1895 እ.ኤ.አ. በማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ካንሰር መብዛቱን አስታውቆ ነበር፤ በኋላ ቤንዚዲንና ቤታ ናፍቲላሚን ዋናዎቹ ጥፋተኞች ሆነው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለተመረቀባት ከተማ ይህ ታሪክ ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ እንዲፈራ አያደርግም፤ ማቅለሚያው ከምን እንደተሠራ መጠየቅን ግን ያስገድዳል። ትምባሆ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከሁሉም የከፋው መንስኤ ነው።

እስከ ዛሬ የተሣለው የክሮሞዞም ካርታ በአብዛኛው የምዕራባውያን ዕጢዎች ካርታ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት 412 ዕጢዎችን መርምሯል። ከቢልሃርዚያ ጋር የተያያዘው የግብፅ ካንሰር ሲመረመር ሥዕሉ ተቀየረ፤ የ9ኛው አጭር ክንድ ከረጅሙ ይበልጥ ይጠፋል። የአዋሹ ዕጢ ከግብፁ፣ የሐዋሳው ከምዕራባውያኑ ይመሳሰላል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ለእኔ ግን ግምት በቂ አይደለም። ለምርመራ የተወሰደ ናሙና በሰም ታሽጎ ዓመታት ስለሚቆይ ዲኤንኤውም አብሮ ይቆያል፤ የክሮሞዞም ትርፍና ጉድለትን ለማየት ደግሞ ጂኖሙን በስሱ ማንበብ ይበቃል። ሥራው በየሆስፒታሉ ፓቶሎጂ ክፍል ከተቀመጡት የሰም ብሎኮች ሊጀመር ይችላል።