የጋሼ ደብተር

አንድ ወንድም ወደ ጌታ ሲሰበሰብ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የት እንደ ተወለደ፣ የት እንደ ተማረ፣ ጌታን መቼ እንደ ተቀበለ፣ የስንት ልጆች አባት እንደ ነበረ ይነበባል። ብዙውን ጊዜ አንድ ዘመድ ሌሊቱን ተቀምጦ የሚጽፈው ስለ ሆነ አንዱ ከሌላው ይመሳሰላል። እኔም የመጋቢ ሚስት በመሆኔ ደጋግሜ ጽፌአለሁ። ዛሬ ግን ላጫውታችሁ የምፈልገው በዚያ ወረቀት ላይ ስለማይገባ ነገር ነው።

የምኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም አሮጌው ሰፈር ፈርሶ የተሠራ ነው። ከየአቅጣጫው በዕጣ የመጣን ሰዎች በአንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ለመተዋወቅ ጊዜ ወስዶብናል። ካስተዋወቁን ነገሮች አንዱ ምድር ላይ ያሉት ሱቆች ናቸው። ከእነርሱ በአንዱ የሚነግዱ አንድ ወንድም ነበሩ። ልጆቻችን «ጋሼ» ብቻ ስለሚሏቸው እኔም እንዲሁ ልጥራቸው።

ጋሼ በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት ሲወደድና ሲጠፋ ያገኙትን ዘይት ለአንድ ቤት አንድ እያሉ ያከፋፈሉ ሰው ናቸው። ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ሱቁን ይዘጋሉ። «ነጋዴ የሚሸጠው እኮ በማታ ነው» ሲሏቸው፣ «ልጆቼም የሚገኙት በማታ ነው» ይሉ ነበር። ከልጆቻቸው ጋር እራት ይበላሉ፣ ቃሉን ያነባሉ፣ ይጸልያሉ። ባለቤታቸውን በሰው ፊት ሲያመሰግኑ አያፍሩም። ይህንን የምለው ስለ ሞቱ አይደለም፤ በሕይወት እያሉም ለባሎቻችን እንነግራቸው ነበር!

በ2016 ዓ.ም. በድንገት አረፉ። ድንኳኑ ተተከለ፣ እድርተኛው ወጣ፣ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፣ ሁላችንም አለቀስን። በስምንተኛው ቀን ከመርካቶ አንድ አከፋፋይ መጣ። አጽናንቶ፣ «መልካም ሰው ነበሩ» ብሎ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ባለቤታቸው ስለዚህ ዕዳ ሰምተው አያውቁም። ቀጥሎ ደግሞ እቁቡ መጣ። ጋሼ ቀድሞ ወጥቶላቸው ስለ ነበር ቀሪውን መጣል ግድ ነው፤ ዋሱ ደግሞ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ወንድም ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ያልተናገሩት ሚስታቸውን ላለማስጨነቅ እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ጭንቀቱ ግን አልቀረም፤ እርሳቸው በሌሉበት ቀን መጣ።

የዱቤው ደብተር ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። «3ኛ ፎቅ እማማ»፣ «ቀዩ ልጅ»፣ «የመንታዎቹ እናት» ይላል። ጋሼ ብቻ የሚያውቁት ቋንቋ! በአንዳንዱ ስም ላይ ተሰርዞ «ተትቷል» ተብሎአል። እኔን ከሕይወት ታሪኩ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ሳይጠየቁ መጥተው የከፈሉ ጎረቤቶች አሉ፤ ዝም ያሉም አሉ።

ያን ሰሞን 2ኛ ነገሥት 4፥1-7ን ደግሜ አነበብሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርነው ስለ ዘይቱ ተአምር ነው፤ ስለ ዕዳው ብዙም አልተባለም። ያቺ መበለት ለኤልሳዕ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፦ ባልዋ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደ ነበረ፣ ባለ ዕዳም ሁለቱን ልጆችዋን ሊወስድ እንደ መጣ። አንዱ ሌላውን አላስቀረውም። ነቢዩም የሞተውን «ለምን ተበደረ?» ብሎ አልወቀሰውም። ዘይቱን ሽጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረውም ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር ነገራት። ቅደም ተከተሉን አያችሁ?

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውርስ ሀብት ላይ ተገቢው የቀብር ወጪና የሟቹ ዕዳ ሳይከፈል ለወራሾች እንዲከፋፈል አይፈቅድም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የባልና የሚስት የጋራ ዕዳ ነው ይላል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ «እኔ አላውቅም» ማለት አያድንሽም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላም አለ፤ ኑዛዜ ከሌለ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ እነርሱም እኩል ነው የሚካፈሉት። ሚስት የጋራው ሀብት ግማሽ የራስዋ ነው እንጂ የባልዋ ወራሽ አይደለችም።

የጋሼ ባለቤት ከታላቁ ልጃቸው ጋር ሱቁን ከፈቱ። አከፋፋዩ ያልተሸጠውን ዕቃ መልሶ ወሰደላቸው፤ እቁቡን በየሳምንቱ ይጥላሉ። ባለፈው ስሄድ በአዲስ ደብተር ላይ የጎረቤቱን ስም ሁሉ ከነቤት ቁጥሩ ሲጽፉ አገኘኋቸው።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተስ? የምትነግድ ከሆነ የምትበደረውንና የምታበድረውን ሚስትህ የምታነብበት ደብተር ላይ ጻፈው። ኑዛዜ ለመጻፍም የግድ አልጋ ላይ መዋል የለብህም። ሁሉንም በራስህ እጅ ጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስቀምጥ፣ በየወረቀቱ ላይ ቀን ጽፈህ ፈርም። በ7 ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጥኸው ግን ዋጋ ያጣል። ልደታ ለምንኖር ደግሞ ፍርድ ቤቱ ደጃችን ነው።