የኩባንያ ደረጃ በማን ሚዛን?

ቡሬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን አኩሪ አተር የጫነ መኪና ሲደርስ፣ ናሙና ወሳጁ ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት ይዞ ጆንያዎቹን እዚህም እዚያም እየወጋ እፍኝ እፍኝ ያወጣል። የተሰበሰበው ናሙና ተቀላቅሎ ይመረመራል፤ እርጥበቱ ይለካል፣ አፈርና ገለባው ይለያል፣ የተሰበረውና ነቀዝ የበላው ተለቅሞ ይመዘናል። ደረጃ የሚወጣለት ከዚህ በኋላ ነው። ያንኑ ጭነት ሌላ መርማሪ ቢያየው ውጤቱ እምብዛም አይለያይም። ገዢው አዲስ አበባ ተቀምጦ እህሉን በዓይኑ ሳያይ ገንዘቡን የሚያወጣው ይህን ተማምኖ ነው።

ኩባንያዎችም ደረጃ ይወጣላቸዋል። ኩባንያው ለተፈጥሮ አካባቢ፣ ለሠራተኛውና ለጎረቤቱ ሕዝብ፣ እንዲሁም ለአስተዳደሩ ንጽሕና ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ተመዝኖ ውጤት ይሰጠዋል። በዓለም ገበያ ይህ የዘላቂነት ምዘና በምህጻሩ ኢ.ኤስ.ጂ. ይባላል። ስመ ጥር ከሆኑት መዛኞች መካከል ኤም.ኤስ.ሲ.አይ.፣ በሞርኒንግስታር ሥር ያለው ሰስቴናሊቲክስና ኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል ይገኙበታል። ነገሩ ከእኛ የራቀ ቢመስልም አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከደምበጫ ወጥቶ አሜሪካ የሚሠራ ሰው የጡረታ ቁጠባው ምናልባት እነዚህን ውጤቶች እያዩ አክሲዮን በሚመርጡ ፈንዶች ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። አገር ቤትም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም አክሲዮኑን በማስመዝገብ ቀዳሚ ሆኗል። ገበያው ሲሰፋ ምዘናውም ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም።

መዛኞቹ በአብዛኛው ፋብሪካው ደጃፍ አይደርሱም። ኩባንያው ራሱ ያወጣቸውን ሪፖርቶች፣ የመንግሥት መረጃዎችንና የመገናኛ ብዙኃን ዘገባዎችን ይሰበስባሉ፤ ከእነዚህ በርካታ መለኪያዎች ያወጡና እንደየሥራ ዘርፉ ክብደት ሰጥተው በአንድ ፊደል ወይም በአንድ ቁጥር ይጠቀልሉታል። ኤም.ኤስ.ሲ.አይ. ከላይ ሦስት ኤ፣ ከታች ሦስት ሲ ያለው የፊደል መሰላል አለው። በሰስቴናሊቲክስ ግን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኩባንያው የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም የሚቆጠረው አደጋ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያነብ ተሳስቶ ይቀራል።

ደግሞም አይስማሙም። ፍሎሪያን በርግ፣ ጁሊያን ኮልበልና ሮቤርቶ ሪጎቦን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት የስድስት መዛኞችን ውጤት አነጻጽረዋል። ፍጹም ስምምነት 1 ቢሆን የመዛኞቹ ዝምድና በአማካይ 0.54 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የኩባንያዎችን ዕዳ የመክፈል አቅም የሚመዝኑት ድርጅቶች ዝምድና ግን ከ0.9 በላይ ነው። የዘላቂነት መዛኞቹ ከሚለያዩበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመጣው ያንኑ ነገር በተለያየ መለኪያ ከመለካት ነው። አንዱ የሠራተኛ አያያዝን በሥራ በለቀቀው ሰው ብዛት ይለካል፣ ሌላው በተከፈቱት ክሶች። ሁለቱም «የሠራተኛ አያያዝ» ብለው ይጽፉታል።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ፤ እኔ የሁሉ ቁልፍ እርሱ ነው ባይ ነኝ። አብዛኛው ሰው የዘላቂነት ደረጃ ሲባል ኩባንያው በአገርና በሕዝብ ላይ የሚያደርሰው በጎ ወይም ክፉ ነገር የተለካ ይመስለዋል። የታወቁት ምዘናዎች ግን በዋናነት የሚለኩት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፦ የአካባቢውና የኅብረተሰቡ ጉዳይ የኩባንያውን ትርፍ ምን ያህል ሊጎዳው ይችላል? ወደ ቡሬ እንመለስና እንየው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ከይርጋለም፣ ከቡልቡላና ከባዕከር ጋር በአገሪቱ ከተጀመሩት አራት ፓርኮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም ቡሬ ነው። አሁን አንድም ስም ሳንጠራ፣ አንድ የዘይት ፋብሪካ በሐሳባችን እናቁም። ፋብሪካው ሲተከል መሬቱን የለቀቀ ገበሬ አለ፤ ካሳው ለልጆቹ ማሳ የማይገዛለት ሆኖ ሳለ አቤቱታ ሳያቀርብ ዝም አለ እንበል። ለመዛኙ ይህ ዝምታ ጸጥታ ነው፤ ክስ የለም፣ የጋዜጣ ዘገባ የለም፣ ስለዚህ የኩባንያው አደጋ ዝቅተኛ ነው። ገበሬው ቢጮህና ፍርድ ቤት ቢሄድ ኖሮ ግን ውጤቱ ይወርድ ነበር። ጉዳቱ በሁለቱም አንድ ነው።

ጥሬ ዕቃውም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው ከወምበርማና ከጃቢ ጠህናን ገበሬ ቅባት እህል ቢገዛ አንድ ታሪክ ነው፤ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ከውጭ አስገብቶ ቢያጣራ ሌላ ታሪክ ነው፤ የፓልም እርሻ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ሰፊ ደን አስመንጥሯልና። ይህን የሚያውቀው ዕቃ አቅራቢውን እስከ ምንጩ የተከተለ መዛኝ ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሠራተኛ ከቤቱ ሳይወጣ ሲቀር የሚያመጣውን ጣጣስ ሩቅ አገር ያለ መዛኝ በምን አምድ ያስገባዋል? «የአገር ስጋት» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልለዋል እንጂ የደሞዝ መዝገቡን አያየውም።

ሌላው እክል ወረቀት ነው። ሪፖርት የሚጽፍ ክፍል ያለው ትልቅ ኩባንያ ብዙ ይናገራል፣ ብዙ የተናገረም የተሻለ ውጤት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ፍሳሹን በአግባቡ የሚያጣራ ነገር ግን በእንግሊዝኛ መግለጫ የማያወጣ የወተት ማቀነባበሪያ በዚህ መሰላል ታች ይቀራል። ወረቀቱ ያማረ ደግሞ ያታልላል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 በዳው ጆንስ የዘላቂነት መለኪያ ከመኪና አምራቾች ቀዳሚ ተብሎ ነበር፤ በዚያው ወር የጭስ ምርመራን የሚያጭበረብር ሶፍትዌር በመኪኖቹ መግጠሙ ተጋለጠ፣ በቀጣዩ ወር ከመለኪያው ዝርዝር ተሰረዘ። ቡሁ የተባለው የእንግሊዝ ልብስ ነጋዴም እ.ኤ.አ. በ2020 የሌስተር ልብስ ሰፊዎች ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች እንደሚከፈላቸው ሲዘገብ፣ ከኤም.ኤስ.ሲ.አይ. ከፍተኛ ደረጃ ይዞ ነበር።

ንጽጽሩም ከሥራ ዘርፍ አቻ ጋር መሆኑ መረሳት የለበትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቴስላ ከኤስ ኤንድ ፒ 500 የዘላቂነት መለኪያ ሲወጣ ነዳጅ አውጪው ኤክሶን ሞቢል በውስጡ ቆይቷል። ኤክሶን ከነዳጅ ኩባንያዎች፣ ቴስላም ከመኪና ኩባንያዎች ጋር ነው የሚነጻጸሩት።

ይህ ሁሉ ሲባል ምዘናው ይጣል ማለቴ አይደለም። ከፊደሉ በስተጀርባ ያለው ዝርዝር፣ በተለይ የክስና የአደጋ መዝገቡ፣ ለባለ አክሲዮን ብዙ ይጠቅማል፤ የማይጠቅመው የተጠቀለለው አንድ ፊደል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣውና ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ተፈጻሚ የሚሆነው ደንብ መዛኞች የአሠራር ዘዴያቸውን በግልጽ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። የእኛም የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ከወዲሁ ሊያጠናው ይገባል፤ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ነውና ገና በልጅነቱ ሥርዓት ለመትከል ይመቸዋል። እስከዚያው አክሲዮን ሊገዛ ያሰበ ሰው ኩባንያውን በቀጥታ ይጠይቅ፦ ጥሬ ዕቃው ከማን ማሳ ይመጣል? ፍሳሹ ወደየትኛው ወንዝ ይወርዳል፣ ማን መረመረው? መሬት ለለቀቁት ስንት ተከፈለ? ጊዜያዊ ሠራተኛ በቀን ስንት ያገኛል? ኩባንያው መልሱን በቁጥር አስፍሮ ካልሰጠ፣ የተለጠፈለት ፊደል ሦስት ኤ ቢሆንም ገዢው ገንዘቡን ይዞ ይቆይ።